ካበጠ ደስ ይበላችሁ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
ጥቅምት 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ እኔው ላሳደግሁት ለአብዱልሰላም፣
ታሽከንት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ የምትገልጠውን መጽሐፍ ሁሉ ያብራልህ።

እንደምታየው ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ባሌ አብዱልሐሚድ በመስተዋት አስገብቶ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ጨርቅ ሊገዛ የገባውን ሁሉ «የሚስቴ ነው» እያለ ያስነብባል። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅ። ምሥጢሬን ለጎረቤት ልጅ እየነገርሁ የማስጽፍበት ዘመን አለፈ።

ትልቁ ወሬ የመዲና ነው። ልጄ ታጨች! ልጁ ጀላል ይባላል፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ነው የሚሠራው። ጥፍሩ አንድ ሳምንት ሰማያዊ፣ አንድ ሳምንት ቀይ ነው። መዲና «ሳምንቱን የማውቀው በጣቱ ነው» እያለች ትስቃለች። ትሑት ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም፤ እሷ ስታልፍ ግን ያነሣል። ሠርጉን ለጥር ቆርጠናል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። መዲና አምና ክረምቱን ኩታበር፣ ገደሉ ሥር ካለው ከእናቴ ቤት ከርማ ስትመለስ ከአፍንጫዋ አጠገብ ብጉር የምታክል ነገር ነበረች። ዛሬ አሥር ሳንቲም ታክላለች። አታምም፣ አታሳክክ፤ ግን አልደርቅ አለች። ቁንጭር ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው ይላሉ። አሁን ደግሞ ከጆሮዋ ሥር ሌላ ትንሽ እብጠት ጀምሯል።

የመውሊድ ዕለት የጀላል እናት ወይዘሮ ጀዋሂር ከኮምቦልቻ መጣች። የቅመም ነጋዴ ናት፤ አያቷ ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ፤ ይህንንም በገባችበት ቤት ሁሉ ሳትናገር አትወጣም። የመዲናን ፊት ወደ መስኮቱ አዙራ እንደ በርበሬ ናሙና መረመረችው።

«ሱልጣና፣ በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ቁምጥና አለመሆኑን ሐኪም ይንገረኝ» አለች። ቀጥላ ወደኔ ዞረች። «ያንቺስ ጉንጭ ምን ሆኖ ነው?»

«ቅቤ ሳነጥር ተፈናጥሮብኝ» አልኋት። አንተም ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆኜ ቅቤ ያቃጠለኝ ነው።

ጀላል እንኳ «ምንም ይሁን አገባታለሁ» ብሏል። መዲና ናት እምቢ ያለችው፤ «ያለ እናቱ ምርቃት በእልህ አልገባም» ትላለች። ስለዚህ ልጄ፣ ሐኪም ልትሆን አንድ ዓመት የቀረህ ሰው ነህና፣ ካገሩ ጥሩ ቅባት ፈልገህ ላክልኝ። ፎቶዬን ልኬልሃለሁ። ፎቶ አንሺው «ፊት ለፊት ሁኚ» ቢለኝ እምቢ ብዬ በግራዬ ተነሣሁ።

ሳትበላ አትደር። በእጅህ የነካኸው ሁሉ ይዳንልህ።

አክስትህ ሱልጣና


ታሽከንት
ታኅሣሥ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩት፣ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእቴቴ ሱልጣና፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጋሼ አብዱልሐሚድና ለሙሽራዋ ሰላምታዬ ይድረስ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ አምስት ሳምንት ተጉዞ ትናንት ደረሰኝ። የፖስታው ጽሑፍ የማን እጅ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ቆየሁ፤ የእርስዎ መሆኑን ሳውቅ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቀስኩ። አብሮኝ የሚኖረው የኡዝቤክ ልጅ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሻይ አፍልቶ ሊያጽናናኝ ተቀመጠ። «ማን ሞተብህ?» ሲለኝ «አክስቴ መጻፍ ቻለች» አልኩት። እሱም አብሮኝ አለቀሰ። እዚህ ሰዎች በዚህ በኩል ልክ እንደኛ ናቸው።

ፎቶዎን ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ግን እቴቴ፣ ለምን ሁልጊዜ በጎን? ከቤት ይዤው የመጣሁትም በግራ ነው፤ ይኸኛውም በግራ። ጓደኞቼ «አክስትህ ሳንቲም ላይ ያለችው ሴትዮ ናት ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ስለ መዲና የጻፉልኝን ሦስቴ አነበብኩት። ቅባት አልላክኩም፤ የሚረባ ቅባት ስለሌለ ነው። የሌሊት ወፏም በከንቱ ስሟ ጠፋ። በገደል ስንጥቅ ውስጥ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ አለች። የሽኮኮ ደም ስትመጥ ተውሳኩን ታገኝና ሰው ስትነክስ ታሻግረዋለች። ኩታበር ካለው ከእማማ ቤት ጀርባ ስንት ሽኮኮ እንዳለ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁምጥና አይደለም ብዬ ግን ከዚህ ሆኜ መማል አልችልም። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

በሽታው እዚህም አለ። ባለፈው በጋ ለልምምድ ቡኻራ አጠገብ ካለ መንደር ወስደውን ነበር። እዚያ አንዲት አሮጊት አገኘሁ፤ በወጣትነታቸው ከታመመ ልጅ ቁስል በመርፌ ጫፍ ይወስዱና የጤነኛዋን ሕፃን ጭን ይጭሩ ነበር። ቁስሉ ጭኗ ላይ ወጥቶ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ፊቷ ላይ አይወጣም። «ለምን ጭን?» ብላቸው በአስተርጓሚ ምን አሉኝ መሰልዎ? «ፊቷ ለሙሽርነት ነው፤ ጭኗን ማን ያይባታል?» መምህራችን ከጎናችን ሳቀና «ሰውነት አንዴ የታገለውን ጠላት መልኩን አይረሳም፤ እሳቸው ይህን ያወቁት ከእኛ መጻሕፍት በፊት ነው» አለን። እናንተ ግን አደራ እንዳትሞክሩት! የእኛ አገሩ ተውሳክ ከዚህኛው ይለያል።

በጥር መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ይህን በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞች ደሴ እንደሚመጡ አንድ ጓደኛዬ ጽፎልኛል። መዲናን ውሰዷት። ከቁስሉ ይፍቃሉ፤ ክንዷንም በትንሽ መርፌ ይወጓታል። የተወጋውን አትንኩት፤ በሦስተኛው ቀን ክንዷን ያዩታል። ያዩትን ወዲያው ይጻፉልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከጆሮዋ ሥር ያለው እብጠት ቆስሏል ወይስ ሳይቆስል ለስላሳ እንደሆነ ቀርቷል? ሌላስ ወጥቶባታል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አላህ በደስታ ያገናኘን።

ልጅዎ አብዱልሰላም


ደሴ
ጥር 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልሰላም፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ያ በረዶ ዱዓዬን አያቁመው። እኛ ደህና ነን፣ ሹክር ለአላህ።

«እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው» ያልኸኝ ነገር አላማረኝም። አንተ ስትዋሽ ዓረፍተ ነገርህ ያጥራል፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ቢሆንም እነሆ መልሱ፦ የጆሮዋ ሥር አልቆሰለም፤ ሌላ አልወጣም።

ሐኪሞቹ እንዳልኸው መጡ። ፍቀው በመነጽራቸው አዩና ቁምጥና አይደለም አሉ! እልልታዬን ሆስፒታሉ በር ላይ ለቀቅሁት፤ ዘበኛው ሴት ወለደች ብሎ ሮጦ መጣ። ይህንን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ጀዋሂር ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «እሰይ፤ ታዲያ ይህ ነገር እዚያችው ቦታ ይቀራል ወይስ ፊቷን ሙሉ ይወርሳታል? እሱን ያወቅሁ ቀን እመርቃለሁ» አለች። ሐኪሞቹን ብጠይቅ እሱን የሚነግረን የክንዷ መርፌ ነው አሉኝ። ሠርጉ ከጥር ወደ ዒድ ማግሥት ተላለፈ።

የክንዷ ነገር በትንሽ አጋጣሚ ተበላሽቷል። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ክንዷ እንሶስላ ነክቶት ስለነበረ የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ፀሐይነሽ ክንዷን አይታ መፍረድ አልቻለችም። ሐኪሞቹ ከዒድ በኋላ ሲመለሱ በሌላኛው ክንድ ይደግሙላታል። እንግዲህ ይኸው ነው።

ቅባቱ ከሌለ ለሙሽራዋ የሐር ሻሽ ፈልግላት። ሰፊ ይሁን፤ ጉንጭ የሚሸፍን።

ምርቃቴ ከነሙሉው ይድረስህ።

ሱልጣና

ወንድም ጋሼ፣ እኔ መዲና ነኝ። እማዬ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አድርሺ ብላ ስትልከኝ ባንኮኒው ላይ ከፍቼ ነው ይህን የምጨምረው። «እንሶስላ ነክቶት ነበር» ያለችህን አነበብሁት። ሳቄን ማፈን አቅቶኛል። እንሶስላው አልነካኝም፤ እሷ ናት የነከረችኝ! በሁለተኛው ቀን ጠዋት የተወጋሁበት ቦታ ቀልቶ አበጠ። እማዬ መርፌው በሽታውን ክንዴ ላይ ዘራው ብላ ደነገጠች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጀላል እናት ለመጠየቅ ትመጣ ነበር። እማዬ ያንን እብጠት እንዳታይብን ብላ እንሶስላውን በሎሚ ለውሳ ከመዳፌ እስከ ክርኔ ለጠፈችብኝና በፌስታል ጠፍራ አሳደረችኝ። የጀላል እናት «ማሻአላህ፣ ገና ከአሁኑ?» ብላ ሄደች። በማግሥቱ ሲፈታ ክንዴ ከሎሚው የተነሣ ጠቅላላ ተቆጥቶ እንደ ዳቦ ነፍቶ ነበር። ሲስተር ፀሐይነሽ «ያበጠው ከመርፌው ነው ከሎሚው? እኔ ምኑን ልለካ?» ብላ ጮኸች። እማዬ የሠርግ ወግ ነው አለች። ሠርጉ እኮ ገና ነው!

ሻሹ ይምጣ፤ ግን ጉንጭ የማይሸፍን ይሁን። ጀላል ፊቴን ለምዶታል።


ቴሌግራም
ታሽከንት፣ የካቲት 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ካበጠ ደስ ይበላችሁ። እንሶስላ አትቀቡ። ደብዳቤ ይከተላል። አብዱልሰላም።


ደሴ
መጋቢት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአብዱልሰላም፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ምንም እንኳ ሰላሜን ብትነሣኝ። ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ መጀመሪያ ልቆጣህ።

ቴሌግራምህ የመጣው ወደ ቤቴ አይደለም፤ ወደ ቀበሌ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ብሩ አስጠራኝ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው፣ ወረቀትህን መሀል ላይ ዘርግተው እንደ ካርታ ያዩታል።

«ጓዲት ሱልጣና፣ የሚያብጠው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ክንድ ነው።»

«የማን ክንድ?»

«የልጄ የመዲና።»

«የልጅሽ ክንድ ቢያብጥ ሶቪየት ኅብረት ያለ ሰው ለምን ደስ ይለዋል?»

«ወላሂ ጓድ ብሩ፣ እሱን እኔም ልጠይቀው ነው» አልሁት።

«እንሶስላስ? እንሶስላ የምን ስም ነው?»

መዲናን አስጠርቼ ክንዷን አሳየኋቸው። ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። ጸሐፊው «እውነትም እንሶስላ ነው» ብሎ መዘገበ። ጓድ ብሩ ቴሌግራሙን በሦስት ቅጂ ገልብጦ አንዱን ሰጠኝና ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ሲያብጥ ትነግሪኛለሽ?» አለኝ። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ወደ ሰኞ ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «አበጠ?» ትለኛለች።

መዲና የሠራችውንም ደርሼበታለሁ። እኔ «ነክቶት» ብዬ ስጽፍልህ፣ አንተ «አትቀቡ» ያልኸኝ ማን ነግሮህ ነው? ተናዘዘች። እሺ፣ እኔ ነኝ የቀባኋት። የሰው ፊት ፈርቼ ነው። ግን አንተስ? እብጠት ደግ ከሆነ በታኅሣሥ ለምን አልነገርኸኝም? አራት ወር የልጄን ሠርግ ያዘገየነው እኔ በሎሚዬ፣ አንተ በዝምታህ ነው።

አሁን ምርቃቱ፦ ዝምታ የማያውቅ ሐኪም ያድርግህ።

ሱልጣና


ታሽከንት
ሚያዝያ 13 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሱልጣና፣

የረመዳን ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። እዚህም የምንጾም አለን፤ ሳንናገር እንጾማለን፤ ማታ ደግሞ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከእናቱ ቤት ዳቦና ዘቢብ ያመጣል።

ቁጣዎ ይገባኛል፤ ተቀብዬዋለሁ። በቴሌግራሙ «ይከተላል» ያልኩት ደብዳቤም እስከ ዛሬ ዘግይቷል። ለጓድ ብሩም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

በታኅሣሥ ያልነገርኩዎት ይህን ነው። ሌባ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ነቅቶ ኡኡ ካለ መንደሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። የመዲናን ክንድ ሲወጓት ከቆዳዋ ሥር ያስገቡት የሞተውን የተውሳክ ቅንጣት ነው፤ የሌባውን ኮፍያ እንደማሳየት ያህል ነው። ሰውነቷ ሌባውን ካወቀው መንደሩ ወደዚያች ቦታ ይሮጣል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ቀልቶ፣ ጠጥሮ ያብጣል። እብጠቱ በሽታ አይደለም፤ የወጣው መንደር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቁስሉ ዘግይቶም ቢሆን ይደርቅለታል፤ ጠባሳ ይተውለታል እንጂ ፊቱን አይወርሰውም።

ክንዱ ዝም የሚልም አለ። መምህራችን አንድ ፎቶ አሳይቶናል። የሰውዬው ክንድ በሦስተኛው ቀን እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነበር። ሰውነቱ ሌባውን እያየ አልጮኸም። ስለዚህ እብጠቶቹ ሳይቆስሉ፣ ሳያሙት፣ ከፊቱ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ወደ እጁ ተዛመቱ። ዓመታት ቆየበት። እርስዎ «ከጆሮዋ ሥር ሌላ እብጠት» ብለው ሲጽፉልኝ ያ ፎቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ፈራሁ፤ እርስዎንም አላስፈራም ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪም ዝም ሲል ሰው በራሱ መንገድ ይተረጉማል፤ እንሶስላውን ያስለወሰው የኔ ዝምታ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

መዲና ባንኮኒው ላይ የጻፈችውን ሳነብ ግን ከአልጋዬ ዘለልኩ። «በሁለተኛው ቀን ቀልቶ አበጠ» ትላለች፤ ያኔ ሎሚው ገና አልነካትም! ተስፋዬ ትልቅ ነው። ሆኖም በደብዳቤ ወሬ ሠርግ አይደገስም፤ በትክክል ይለካ። ያን ዕለት እጅጌዋን ጠቅልለው፣ ሎሚውን ቆልፈውበት ይውጡ።

ሻሹን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ጉንጭ አይሸፍንም።

ልጅዎ አብዱልሰላም


ደሴ
ሰኔ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለሐኪሜ ለአብዱልሰላም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ይህን ሰላምታ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አንብበው።

አበጠ!

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሐኪሞቹ ግንቦት 22 ተመለሱ። ደብዳቤህ ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ ደርሶኝ ነበርና የሌባውንና የመንደሩን ነገር ለጀዋሂር አነበብሁላት። እንዳለ ሰማችኝ። «መርሐባ፤ እንግዲያውስ እኔ ራሴ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ብላ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ወጣች። ሲስተር ፀሐይነሽ መዲናን ከወጋች በኋላ ወደ እኛ ዞራ «ጤነኛም ሰው ለማነጻጸሪያ እንወጋለን፤ ፈቃደኛ ናችሁ?» አለች። እኔ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቀልሁ። ጀዋሂር ግን እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ውጊኝ። በኛ ዘር እንደሌለ በወረቀት ይጻፍልኝ። ሱልጣናንም ውጊያት!»

ምን ልበል? እምቢ ብል ትጠረጥረኛለች። እጄን ሰጠሁ።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው አትጠይቀኝ። የመዲና ክንድ በማግሥቱ ቀላ። ደስ አለኝ። የኔ ግን ከሷ ቀድሞ ቀልቶ፣ ከሷ በልጦ አብጦ ነበር። ሎሚው መሶቡ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አልነካሁትም፣ ወላሂ አልነካሁትም፤ አብዱልሐሚድን ደብቅልኝ ብዬ ሱቅ ድረስ አስወሰድሁት።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ፀሐይነሽ ተራ እስክሪብቶ አወጣች። ከመዲና ክንድ ዳር ጀምራ ወደ መሀል ቀስ እያለች መስመር ትስባለች፤ ብዕሩ እብጠቱ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፤ ከዚያ በሌላው ጎን፣ ከዚያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች። በመስመሮቹ መሀል ያለውን ለካችና «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር! ጎበዝ ክንድ!» አለች። ሐኪሙም አይቶ፣ የጆሮዋን ሥር ዳብሶ፣ ይደርቃል፣ ጠባሳ ግን ይተዋል፣ በየሦስት ወሩ ግን እየመጣች ትታያለች አለ። መዲና አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ለጀላል ይነገር ብዬ ልወጣ ስነሣ ሲስተር ፀሐይነሽ «ቆይ እንጂ፣ የናንተስ?» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። የኔን ለካች። ዐሥራ ስድስት።

«እማማ ሱልጣና፣ ይህ የሚሆነው በሽታውን ከዚህ በፊት ያየ ሰውነት ላይ ነው» አለች። ጉንጬን አየች። 

 ጀዋሂር ትሳለቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብዬ ባያት ግን እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ በሌላኛው እጇ ጨብጣዋለች። ሲስተር ፀሐይነሽ ቀስ ብላ እጅጌዋን አስለቀቀቻትና ለካች። ዐሥራ ሦስት!

ጀዋሂር ክንዷን አየችው። ከዚያ ሻሿን ፈታች። በሕይወቴ ጸጉሯን አይቼ አላውቅም ነበር። ከግራ ጆሮዋ ኋላ፣ አንገቷ ላይ፣ ከመዲና ቁስል የምትሰፋ ጠባሳ አለች።

«እስከ ስምንት ዓመቴ ደሴ ዙሪያ፣ የጡት እናቴ ዘንድ ነው ያደግሁት፤ ቤቷ ገደል ሥር ነበር» አለች። «ለሰው ከአህያ ወድቄ ነው እላለሁ። አንቺስ ሱልጣና?»

«እኔ ቅቤ ነው እላለሁ» አልኋት።

ተያየንና ሳቅ ፈነዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ከልጅነቴ ወዲህ አልሳቅሁም። እሷ «ቅቤ!» ትላለች፣ እኔ «አህያ!» እላለሁ፤ ሲስተር ፀሐይነሽ ከሌላ ክፍል ሰው እየጠራች እኛን ታሳያለች። ጀዋሂር እንባዋን እየጠረገች ከመቀመጫዋ ተነሥታ የመዲናን ራስ ይዛ መረቀቻት፤ እዚያው፣ ቆማ፣ ጸጉሯ እንደተገለጠ። «በቤቴ ግቢ፤ እኔ የደበቅሁትን አንቺ ሳትደብቂ ኑሪ» አለቻት። ይህን ሰምቼ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም፤ መሠረተ ትምህርት እዚያ ድረስ አላስተማረኝም።

አሁን ላንተ ደግሞ ልናገር። ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ኩታበር ወጣብኝ፤ ሁለት ዓመት ፊቴ ላይ ቆይቶ ደረቀ። በዐሥራ አምስት ዓመቴ ለከተማ ሰው ስዳር እናቴ «ቅቤ ነው በይ» አለችኝ። እኔም አልሁ። ዐርባ ዓመት ሙሉ ቅቤ ባነጠርሁ ቁጥር ያንን ውሸት አብሬ ሳነጥር ኖርሁ። በልጄ ፊት ላይ ያንኑ ባየሁ ጊዜ ያዘንሁት ለሷ ብቻ አልነበረም፤ እገለጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ አፍሬም ነው። ክንዴ ግን ዋሽቶልኝ አያውቅም። እኔ ላስረሳው ስደክም እሱ ይኸን ሁሉ ዘመን ነቅቶ ይጠብቀኝ ኖሯል። ይህን ለጎረቤት ልጅ ላስጽፈው አልችልም ነበር፤ እጄ ፊደል ስላወቀ አመሰግነዋለሁ።

የዚያን ዕለት ለአብዱልሐሚድ ነገርሁት። ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር፤ አላቋረጠም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅቤ ያቃጠለው ሰው ቅቤ ሲንጨረጨር ይሸሻል። አንቺ አንድ ቀን ሸሽተሽ አታውቂም፤ ድስቱ ላይ ተደፍተሽ ነው የምታማስይው።»

ዐርባ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልህ ብለው «የወደድሽው ውሸት መስሎኝ» አለኝ። አንተ ዝምታን ከማን እንደወረስህ አሁን ገባኝ።

ሆስፒታል በር ላይ ጓድ ብሩ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። «አበጠ?» አለ። «የሦስታችንም!» አልሁት። ገበያው ስንደርስ ሽንኩርት ሻጯ ሰማችና እልል አለች፤ ከሷ ቀጥላ እህል ሻጯ፤ ሰኞ ገበያ በሙሉ እልል ሲል መንገደኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያጨበጭባል። ያንተን መንደር በዓይኔ አየሁት።

ሠርጉ ሰኔ 5 ሆነ። እንሶስላውን አሁን በወጉ ቀባናት፤ ያለ ሎሚ። ጀላል ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ጥፍሩ ቢጫ ነበር፤ አጠገቧ ሲቀመጥ ማን እንሶስላ እንደተቀባ መለየት ያቅታል። ሻሽህ አማረባት። ጉንጯን አልሸፈነም፤ ቁስሏም ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል።

ከዚህ ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ታገኛለህ። ሲስተር ፀሐይነሽ መስመሩን ስባ ስትጨርስ ወረቀቱን በውኃ አርሼ ክንዳችን ላይ ተጫንሁት፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ትንሹ የመዲና ነው፤ መካከለኛው የጀዋሂር፤ ትልቁ የኔ ነው። በማስመሪያህ ለካቸው፤ ሐኪም ስለሆንህ በሰው ወሬ አትመን።

ቅባትም ሻሽም አልጠይቅህም። በሠርጉ ዕለት የተነሣነውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። መሀል መዲና ናት፤ በግራዋ ጀዋሂር፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፤ በቀኟ እኔ። ፎቶ አንሺው ልማዴን ስለሚያውቅ ካሜራውን ይዞ ወደ ግራዬ ሊዞር ነበር። «ወዴት ትሄዳለህ? ፊት ለፊት አንሣኝ» አልሁት። እጁ ላይ ያለውን ረስቶ አየኝ።

አላህ ትምህርትህን አስፈጽሞ ከደጃችን ያድርስህ፤ እኛም ያንን ቀን በጤና እንጠብቅህ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከአልጋህ በላይ የለጠፍኸውን የድሮ ፎቶዬን አውርደህ መልስልኝ። እሱ ግማሼ ነው።

አክስትህ ሱልጣና